«ፍራንከንስታይን» ውስጥ ያለውን ስም የለሽ ፍጡር በአማርኛ ምን ብለን እንጥራው?

የክበቡ አስተባባሪ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ አነስተኛ የንባብ ክበብ አለን፤ አባሎቹ አብዛኞቹ የመሰናዶ ተማሪዎች ሲሆኑ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞችም አሉበት። በዚህ ክረምት የያዝነው የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» ነው። በእንግሊዝኛ እናነበዋለን፤ ከዚያም በየሳምንቱ አንድ ትዕይንት መርጠን ወደ አማርኛ እየመለስን እንወያይበታለን። ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ ከደሴ የሚመጡት ሁለት አባሎቻችን እየዘገዩ በሚደርሱበት በዚህ ወቅት መጽሐፉ ከአየሩ ጋር የሚስማማ መስሎን ነበር የመረጥነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የያዘን ጉሙ ሳይሆን አንዲት ቃል ናት።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ቪክቶር ፍራንከንስታይን የተባለ የጄኔቫ ወጣት በ17 ዓመቱ ለትምህርት ወደ ኢንጎልሽታት ይሄዳል፤ እዚያም ከመቃብር ቤት፣ ከአስከሬን መመርመሪያ ክፍልና ከቄራ በለቃቀመው አካል ቁመቱ ስምንት ጫማ ገደማ የሆነ ሰው መሳይ ነገር ሠርቶ ሕይወት ይዘራበታል። ዓይኑን በገለጠ ጊዜ ግን በመልኩ ደንግጦ ጥሎት ይሸሻል። የተጣለው በየጫካው ይንከራተታል፣ ከአንድ ጎጆ ጎን ተደብቆ ቋንቋና ንባብ ይማራል፣ ያየው ሰው ሁሉ ሲያባርረው ደግሞ ይመርርና የቪክቶርን ታናሽ ወንድም ዊልያምን ይገድላል፤ በዚህ ግድያ የቤቱ አገልጋይ ጀስቲን ሞሪትዝ ያላጠፋችው ጥፋት ተቆጥሮባት በሞት ትቀጣለች። ቀጥሎ የትዳር ጓደኛ እንዲሠራለት ቪክቶርን ይለምነዋል፤ ቪክቶርም ጀምሮ መልሶ ያፈርሳታል። ከዚያ በኋላ ወዳጁ ሄንሪ ክለርቫል፣ በሠርጓ ሌሊት ደግሞ ሙሽራይቱ ኤልዛቤት ይገደላሉ።

ችግራችን ይህንን የተጣለ ባለታሪክ በአማርኛ የምንጠራበት ቃል ማጣታችን ነው። አንዱ ተማሪ «ጭራቅ» ብሎ ተረጎመው፤ አንዷ «ፍጡር» አለች፤ ሌላው «ጋኔን» የሚለውን መረጠ፤ አራተኛው ደግሞ ስሙ «ፍራንከንስታይን» አይደለም እንዴ ብሎ ሁላችንንም አሳቀን፤ ይሁን እንጂ ከሳቁ በኋላ ቤታችን ገብተን ስናስበው እኛም ስሙን ያወቅነው እንደዚያ እንደነበር ትዝ አለን። ክርክሩ ቃል ከመምረጥ አልፎ ጥፋተኛው ማን ነው ወደሚል ተሸጋግሯል። ደራሲዋ የኖረችበትን ዘመን ብናውቅ ይረዳን ይሆን? ልምድ ያላችሁ ምክራችሁን እንድትለግሱን በትሕትና እጠይቃለሁ።


ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ ሆጤ

ልጄ፣ በመጀመሪያ ክበባችሁን አላህም እግዜርም ያበርታው። እኔ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህንንም መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ታገሡኝ።

ተማሪያችሁ በመሳሳቱ አትሳቁበት፤ ከእርሱ ጋር ግማሹ ዓለም ተሳስቷል። ጠፍጣፋ ግንባርና አንገቱ ላይ ብሎን ያለውን መልክ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራው ፊልም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ብሎን የለም፤ በማማ ላይ የሚወርድ መብረቅ የለም፤ ጎባጣ ረዳትም የለም፤ ሥራው የተሠራው በአንድ ተማሪ የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ በኅዳር ወር በአንድ ጨፍጋጋ ሌሊት፣ ሊያልቅ በተቃረበ ሻማ ብርሃን ነው። የተሠራው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስም አልተሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ1823 ታሪኩ ለንደን ውስጥ በመድረክ ሲቀርብ፣ በተዋንያኑ ዝርዝር ላይ በእርሱ ቦታ የታተመው ሰረዝ ብቻ ነበር። ሜሪ ሼሊ ራሷ ተውኔቱን ሄዳ አይታ ይህ ስም የማይወጣለትን የመጥሪያ ዘዴ መልካም ነው ብላ ወዳዋለች። እንግዲህ ከደራሲዋ ወገን ከሆናችሁ ትክክለኛው ትርጉም ባዶ ቦታ ነው ማለት ነው፤ ነገር ግን ባዶ ቦታ ጮክ ተብሎ አይነበብም።

«ጭራቅ» የሚለውን እኔ አልቀበለውም፤ ምክንያቴም ከተረታችን ነው። ጭራቅ በእኛ ተረት ሰው የሚበላ ነው፤ ሲጀመርም ጭራቅ ሆኖ የተገኘ ነው እንጂ በበደል ብዛት ጭራቅ የሆነ አይደለም። ይህኛው ግን ቪክቶርን በበረዶው ተራራ ላይ ባገኘው ጊዜ፣ ምግቤ እንደ ሰው አይደለም፤ የበግና የፍየል ግልገል አላጠፋም፤ የጫካ ለውዝና እንጆሪ ይበቃኛል ይለዋል። የደራሲዋ ባል ገጣሚው ፐርሲ ሼሊ ሥጋ አለመብላትን የሚሰብክ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1813 አሳትሞ ነበርና ነገሩ በዘፈቀደ የገባ አይደለም። ሥጋ የማይበላ ጭራቅ በየትኛው ተረት ተሰምቶ ያውቃል?

«ፍጡር» የተሻለ ነው፤ ሆኖም ከባድ ዕዳ ይዞ ይመጣል። በአማርኛ ፍጡር ካልን ፈጣሪ ማለታችን ነው፤ ፈጣሪ ደግሞ አንድ ነው። አናጢ ወንበር ይሠራል እንጂ አይፈጥርም። ቪክቶርን «ፈጣሪው» ብላችሁ ስታነቡ ከአድማጮቻችሁ አንዱ እንደሚጎረብጠው አልጠራጠርም፤ እኔ ግን ይጎርብጠው እላለሁ፤ ምክንያቱም መጽሐፉ የተጻፈው ለዚያ ጉርበጣ ነው። ንዑስ ርእሱ «ዘመናዊው ፕሮሜቴዎስ» ይላል፤ ፕሮሜቴዎስ በግሪኮች ተረት ከአማልክት እሳት የሰረቀ፣ በሌላው አፈ ታሪክ ደግሞ ሰውን ከጭቃ ያበጀ ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ተራኪው በሚናገርበት ቦታ ሁሉ «ፍጡሩ» በሉ፤ «ጋኔን»፣ «ርኩስ»፣ «ጭራቅ» የሚሉትን ቪክቶር ከአፉ ሲያወጣቸው ብቻ አስቀምጡለት። የስድቡ ባለቤት ተሳዳቢው እንዲሆን ማለቴ ነው።

ይህ ልዩነት የሚያስፈልገው መጽሐፉ ተናጋሪው የበዛ በመሆኑ ነው። ውጪኛው ሽፋን ሮበርት ዋልተን የተባለ መርከበኛ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጓዝ ለእኅቱ ለማርጋሬት ሳቪል የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፤ በደብዳቤው ውስጥ ቪክቶር ይናገራል፤ በቪክቶር ንግግር ውስጥ ፍጡሩ ይናገራል፤ በፍጡሩ ንግግር ውስጥ ደግሞ የጎጆዎቹ ቤተሰብ ታሪክ ይነገራል። የሰማነው ሁሉ በሌላ ሰው አፍ ያለፈ ነው። ደብዳቤዎቹ ከታኅሣሥ እስከ መስከረም፣ ማለትም ዘጠኝ ወር ይፈጃሉ፤ ተቀባይዋ ማርጋሬት ዋልተን ሳቪል ስትሆን የስሟ መነሻ ፊደላት ከደራሲዋ ከሜሪ ዎልስቶንክራፍት ሼሊ ጋር አንድ ናቸው። ዘጠኝ ወር የምን ዕድሜ እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

ዘመኑን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱና ጋዙ ሰማይ ላይ ተንሳፎ ቀረና ቀጣዩ ዓመት አውሮፓ ውስጥ በጋ አልባ ሆነ፤ እህል በማሳው በሰበሰ፤ ስዊዘርላንድ ተራበች። ወሎ ላይ ረኀብ የመጣብን ዝናቡ እምቢ ባለ ጊዜ ነበር፤ እነርሱ ላይ የመጣው ዝናቡ አልቆምም ባለ ጊዜ ነው። በዚያ በ1816 ሰኔ፣ 18 ዓመቷ የሆነው ሜሪ ከፐርሲ ሼሊ፣ ከገጣሚው ሎርድ ባይረንና ከሐኪሙ ፖሊዶሪ ጋር ጄኔቫ ሐይቅ ዳር በዝናብ ታግተው ሳለ፣ ባይረን እያንዳንዳችን የመንፈስ ታሪክ እንጻፍ አለ። በእኛ ቤት ክረምት ሲገባ አያቶቻችን እሳት ዳር ተረት የሚያወጡበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ወዴት ይወጣል?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ፍጡሩ ጫካ ውስጥ ወድቆ ባገኘው ሻንጣ ውስጥ ሦስት መጻሕፍት ነበሩ፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1667 የታተመው የሚልተን «የጠፋችው ገነት» ነው። ከዚያ መጽሐፍ በአራተኛው ክፍል ሚልተን ኤደንን ሲያወድስ፣ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት፣ አንዳንዶችም እውነተኛዋ ገነት ናት የሚሏት የአማራ ተራራ እንኳ አይስተካከላትም ይላል። ያ ተራራ አምባሰል ያለው የኛው አምባ ግሸን ነው፤ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ስትወጡ የምትረግጡት መሬት። እንግዲህ ይህ ስም የለሽ ፍጡር በአንድ የጀርመን ጫካ ተቀምጦ ስለ ወሎ ተራራ አንብቧል ማለት ነው። ነገሥታቱ ወንዶች ልጆቻቸውን በዚያ አምባ የዘጉት ዙፋናቸውን እንዳይቀሟቸው ፈርተው ነው፤ ቪክቶርም የፍጡሩን ሚስት የገነጣጠላት ዘራቸው ተባዝቶ ዓለምን ያጠፋል ብሎ ፈርቶ ነው። የወለዱትን መፍራት ለእኛ አገር ባዳ አይደለም።


አዋላጅ ነርስ፣ ደሴ

ጋሼ፣ በጣም ተምሬበታለሁ፤ ሆኖም ዘጠኝ ወሩን ጠቅሰው ዝም ያሉበት ቦታ የእኔ ሙያ ስለሆነ ከዚያ ልቀጥል።

የሜሪ እናት ሜሪ ዎልስቶንክራፍት ስለ ሴቶች መብት እ.ኤ.አ. በ1792 መጽሐፍ ያሳተመች ዝነኛ ጸሐፊ ነበረች፤ ሜሪን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1797 ከወለደቻት በኋላ እንግዴ ልጁ አልወጣላትም። የተጠራው ሐኪም እጁን አስገብቶ እየቆራረጠ አወጣው። የዚያን ዘመን ሐኪም ለዚህ ሥራ እጁን አይታጠብም፤ መታጠብ ሕይወት እንደሚያድን ዜመልቫይስ ቪየና ላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1847፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ነው። እናትየው በአራስ ትኩሳት ተሠቃይታ በመስከረም 10 ሞተች። ሜሪ ስሟን የወረሰችው ከእናቷ ነው፤ የእናቷ ሞት ምክንያትም የእርሷ መወለድ ነው። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀው ነበር።

እርሷ ራሷ በ17 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1815፣ ጊዜዋ ያልደረሰ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗም በመጋቢት መጀመሪያ አረፈች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሜሪ በማስታወሻዋ ላይ አንድ ሕልም ጻፈች፦ ልጅቷ በብርድ ደንዝዛ እንጂ አልሞተችም ነበር፤ እሳት ዳር አድርገን ስናሻሻት ነፍስ ዘራች፤ ከእንቅልፌ ስነቃ ግን ሕፃን የለም ትላለች። ቪክቶር በድን አካል ላይ ነፍስ ሊዘራ ሲጥር ስታነቡ የፈረንጆቹን የኤሌክትሪክ ሙከራ ብቻ አታስቡ፤ ይህችን ሕፃን አስቧት። መጽሐፉን እየጻፈች ሳለ ጡት የምታጠባው ወንድ ልጅ ስሙ ዊልያም ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሚታነቀው ሕፃንም ዊልያም ነው። ይህን ስም ለምን እንደመረጠች በሌሊት ተረኛ ሆኜ ስቀመጥ አስበዋለሁ። ያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1819 ሮም ላይ ሞተ። ካረገዘቻቸው ልጆች ለአካለ መጠን የደረሰው አንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥፋተኛው ማን ነው ለሚለው የእኔ መልስ አጭር ነው። እኛ ጋ ሕፃን ሲወለድ ገና ስም ሳይወጣለት እጁ ላይ በምናስረው ቁራጭ ላይ የእናቱን ስም እንጽፋለን፤ የእገሊት ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ክርስቲያኑ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ያስጠምቃል፤ ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀን አቂቃ አውጥቶ ስም ያወጣል። ቪክቶር ግን የመጀመሪያዋን ሰዓት እንኳ አልቆየም። ዓይኑ ሲገለጥ ሸሸ፤ እጁን ዘርግቶ አልጋው ድረስ ሲመጣበት ደግሞ ደረጃ ወርዶ ግቢ ውስጥ አደረ። መልኩ አስጠላኝ ማለት ምክንያት አይሆንም። ገና የተወለደ ልጅ መልኩ የሚያምር የሚመስላቸው አዋላጅ ክፍል ገብተው የማያውቁ ናቸው።

ይህን ስል ግድያውን ይቅር እያልኩ አይደለም። ጀስቲንን ሆን ብሎ ነው ወንጀሉን የጫነባት፤ ተኝታ ሳለች የሟቹን ጌጥ ልብሷ ውስጥ ከተተባት። ለእርሱ የሚያዝኑ ተማሪዎቻችሁ ይህችን ልጅ እንዳይረሷት አደራ።


ከሸርፍ ተራ፣ ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ለክርስቲያን ወገኖቼም ጤና ይስጥልኝ። ስለ ፍጡሩ ብዙ ተባለ፤ እኔ ግን ሁሉም የዘለላትን አንዲት ሴት ማንሣት እፈልጋለሁ፤ እርሷም ፍጡሩ ወደተደበቀበት ጎጆ በእንግድነት የምትመጣው ሳፊ ናት። ስሟ ከዐረብኛው ሰፊያ የመጣ ነው፤ ንጽሕት ማለት ነው፤ በእኛም ሰፈር በዚህ ስም የሚጠሩ አሉ።

ፍጡሩ ቋንቋ የተማረው ለእርሷ ተብሎ በሚሰጥ ትምህርት ነው። የጎጆው ቤተሰብ ልጅ ፊሊክስ የቮልኔን ስለ መንግሥታት ፍርስራሽ የጻፈውን መጽሐፍ ለሳፊ ሲያስተምር፣ ፍጡሩ በግድግዳው ቀዳዳ አብሮ ይሰማል፤ አሜሪካ ስትገኝ በነባሮቹ ላይ የደረሰውን ሲሰሙ ሁለቱም፣ እርሷ በቤቱ ውስጥ እርሱም በስተውጭ፣ ያለቅሳሉ። ሁለቱም ለአገሩ እንግዳ ናቸው፤ ልዩነቱ እርሷ ቆንጆ መሆኗ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ደራሲዋን አደንቃለሁ። የሳፊ አባት፣ ቱርካዊው ነጋዴ፣ ፓሪስ ላይ የተፈረደበት በወንጀሉ ሳይሆን በሃይማኖቱና በሀብቱ ምክንያት እንደሆነ በግልጽ ትጽፋለች፤ ይህም ለዘመኑ ድፍረት ነው።

ከዚያ ግን ታበላሸዋለች። ነጋዴው እነ ፊሊክስ ከሞት ካስጣሉት በኋላ ቃሉን የሚያጥፍ ከሐዲ ይሆናል፤ የሳፊ እናት ደግሞ በቱርኮች ባሪያ የተደረገች ክርስቲያን ዐረብ ሆና፣ ለልጇ የእስልምና ሴቶች የተከለከሉትን የአእምሮ ነፃነት አስተማረቻት ይባላል። ይህ ከደራሲዋ እናት ከዎልስቶንክራፍት የተወረሰ ነው፤ እርሷም ለእንግሊዝ ሴቶች ስትከራከር፣ ሴትን ነፍስ እንደሌላት የሚቆጥር እምነት እያለች ሃይማኖታችንን እንደ መጥፎ ምሳሌ ትጠቅሳለች። ቁርአንን በሚገባ ያነበበ ሰው እንዲህ አይጽፍም። አያቴ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ ኪታብ የምትቀራ፣ ለሰፈሩ ሴቶች የምታቀራ ነበረች። መጽሐፉን አታንብቡ እያልኩ አይደለም፤ መልኩን ብቻ አይቶ ሰውን መፍረድ ስሕተት ነው የሚል መጽሐፍ፣ አንድን ሕዝብ ሳያየው እንደፈረደበት ለተማሪዎቹ ንገሯቸው ነው የምለው።

ለጋሼም አንድ ነገር፦ የግሸኑ ነገር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሚልተን ግሸንን ያወቀው በተጓዦች ወሬ ነው፤ ሜሪ ሼሊ ቱርኮችን ያወቀችውም በወሬ ነው። አንደኛው ወሬ ስላወደሰን ብቻ አንመነው።


ማሽን ክፍል፣ ኮምቦልቻ

እኔ ከክበቡ ሁለት ሠራተኞች አንዱ ነኝ፤ ጥያቄውን አስተባባሪያችን ሲጽፍ አብሬው ነበርኩ። አጭር ነገር ብቻ አለኝ። መጽሐፉ ከመጻፉ በፊት እንግሊዝ ውስጥ ከ1811 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኖቲንግሃምና በአካባቢዋ ሸማኔዎች እንጀራችንን ወሰደብን ያሉትን የሹራብ መሥሪያ መሣሪያ በሌሊት እየገቡ ይሰባብሩ ነበር። መንግሥት መሣሪያ የሰበረ በሞት ይቀጣ የሚል ሕግ ሲያወጣ፣ ይኸው ሎርድ ባይረን በየካቲት 1812 በመኳንንቱ ምክር ቤት ተነሥቶ ለሸማኔዎቹ ተከራክሯል። ስለዚህ ፍጡሩ ከባለቤቱ እጅ ያመለጠ ማሽን ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከማሽን ጋር ስውል የማድር ሰው ነኝ፤ ማሽን ቢበላሽ ይቆማል እንጂ ለምን ሠራኸኝ ብሎ አይጠይቅም። ፍጡሩ ከመሣሪያው ይልቅ መሣሪያ ሰባሪዎቹን ይመስለኛል፤ መጀመሪያ ለመነ፣ የሚሰማው ሲያጣ ሰበረ።


ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ ሆጤ

የሸርፍ ተራው አንባቢ ያሉት እውነት ነው፤ ተቀብያለሁ። ወሬው ስላቆላመጠኝ ሸርተት ብያለሁ።

አዋላጇ እኅታችን የኤሌክትሪኩን ሙከራ ስለጠቀሱት፣ ተማሪዎቹ እንዲያውቁት ያህል፦ ጣሊያናዊው ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲወራጭ አሳየ፤ የእኅቱ ልጅ አልዲኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 1803 ለንደን ላይ የተሰቀለ ወንጀለኛ አስከሬን ላይ ሞከረው፤ የሟቹ መንጋጋ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ዓይኑም ተገለጠ። ሕጉ ለሐኪሞች የሚፈቅደው የተቀጡ ነፍሰ ገዳዮችን አስከሬን ብቻ ስለነበረ አስከሬን ከመቃብር ሰርቆ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ይህ የተስተካከለው በ1832 በወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ በ1818 ጥር 1 ቀን መጽሐፉ በ500 ቅጂ፣ ያለ ደራሲ ስም ሲወጣ፣ ቪክቶር የመቃብር ሌባ መሆኑ ለአንባቢው ተረት አልነበረም። አዎን፣ መጽሐፉም እንደ ፍጡሩ ስም የለሽ ሆኖ ነው የወጣው፤ ለፐርሲ ሼሊ የሰጡትም አልታጡም።

የያዛችሁት ቅጂ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። የ1818ቱና ደራሲዋ ያረመችው የ1831ዱ ይለያያሉ። በመጀመሪያው ኤልዛቤት የቪክቶር የአክስት ልጅ ናት፤ በኋለኛው ወላጅ አልባ ሆና ያደገች ናት። በመጀመሪያው ቪክቶር በገዛ ፈቃዱ ይሳሳታል፤ በኋለኛው ዕጣ ፈንታ ጎተተኝ ማለት ያበዛል። ጥፋተኛው ማን ነው ብላችሁ ስትከራከሩ ግማሻችሁ አንዱን፣ ግማሻችሁ ሌላውን ይዛችሁ ከሆነ አትስማሙም።


የክበቡ አስተባባሪ፣ ኮምቦልቻ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እውነትም ሦስት ተማሪዎች የ1831ዱን፣ የቀረነው የ1818ቱን ይዘን ኖሯል፤ አንድ ሙሉ ቅዳሜ የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። «ፍጡሩ» በሚለው ተስማምተናል፤ ስድቡም በቪክቶር አፍ ብቻ ይቀመጣል።

አሁን ግን ሌላ ችግር መጣ። ፍጡሩ ከቪክቶር ጋር ሲነጋገር በእንግሊዝኛው ልዩነቱ አይታይም፤ በአማርኛ ግን አንተ ወይም አንቱ ማለት ግድ ነው። ግማሾቹ፣ ሠሪው ስለሆነ ፍጡሩ ቪክቶርን «እርስዎ» ይበለው ይላሉ። እርስዎ እንዴት ያዩታል?


ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ ሆጤ

ይህን ጥያቄ እንግሊዞቹ ሊጠይቁት የማይችሉት ስለሆነ ደስ ብሎኛል።

«አንተ» ይበለው። አማርኛ ትልቁን ሰው እርስዎ ይላል፤ ከትልቆች ሁሉ በላይ የሆነውን ግን አንተ ይለዋል። «አባታችን ሆይ» ብለን ስንጸልይ «ስምዎ ይቀደስ» አንልም፤ ሙስሊሙም ዱዓ ሲያደርግ ጌታውን አንተ ነው የሚለው። በበረዶው ተራራ ላይ ፍጡሩ፣ እኔ ያንተ አዳም ልሆን ይገባኝ ነበር ብሎ ሲለምን፣ ያ «አንተ» የጸሎት አንተ ይሁን። ቆየት ብሎ በስኮትላንድ ደሴት ሚስቱ ከፈረሰች በኋላ፣ ሠሪዬ አንተ ብትሆንም ጌታህ እኔ ነኝ ሲለው ደግሞ ቃሉን አትቀይሩት፤ ያው «አንተ» ይሁን፤ የሚቀየረው የአንባቢያችሁ ድምፅ ነው።

«እርስዎ» የሚለውን ለአንድ ቦታ አቆዩት። ፍጡሩ ከወራት ዝግጅት በኋላ የማየት ኃይሉን ያጣው የጎጆው አዛውንት፣ የፊሊክስ አባት ደ ላሲ ብቻውን ሲሆን ጠብቆ በሩን ያንኳኳል። አዛውንቱ ማን ነው ይላል፤ እንግዳ መሆኑን ሲሰማም እንዲገባ ይጋብዘዋል፤ ልጆቼ ወጥተዋል፣ እኔም ማየት ስለማልችል የሚበላ ላገኝልህ ያስቸግረኛል ብሎ ይቅርታ ይጠይቀዋል። መልኩን አላየም፤ የሰማው ትሑት ድምፅ ብቻ ነው። የእኛ አገር ሽማግሌ ከደጅ የማያውቀውን ድምፅ ሲሰማ ምን ይላል? «ይግቡ» ነው የሚለው። ፍጡሩን በመላው መጽሐፍ ውስጥ አንቱ የሚለው ይህ ሰው ብቻ ይሁን። ከዚያ ፊሊክስ ይገባል፤ ከአባቱ ጉልበት ሥር ያገኘውንም በዱላ ይቀጠቅጠዋል።


የክበቡ አስተባባሪ፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ትናንት ሞከርነው። የማሽን ክፍሉ ወዳጃችን ደ ላሲን ሆኖ አነበበ፤ ፍጡሩን የያዘችው ከደሴ የምትመጣው ተማሪ ናት። እንደ ልማዷ ዘግይታ ስለነበር ከውጭ ሆና በሩን በእውነት አንኳኳች፤ እርሱም መጽሐፉን ሳያይ «ማን ነው? ይግቡ» አለ። ለአፍታ መስመሯ ጠፋባትና ደጃፉ ላይ ቆመች።